ተጨማሪ መረጃ፦ አሸዋ የወረሰው ክፍልና ሌንሱ

በናሚቢያ በረሃ ኮልማንስኮፕ የምትባል ባዶ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1908 በአካባቢው አልማዝ ተገኝቶ ደመቀች፤ በ1956 የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ለቀዋት ወጡ። ዛሬ አሸዋው በበርና በመስኮት ገብቶ በየክፍሉ ተቆልሏል፤ አንዳንዱ በር እስከ ወገቡ ተቀብሯል። ፎቶ አንሺዎች ይህን ሲያዩ አያልፉም።

ነገር ግን ክፍል ውስጥ እንደ ልብ ወደ ኋላ መራቅ አይቻልም። ምን ያህል መራቅ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሌንሱ ነው። ትይዩ ጨረሮች ሌንስን አልፈው የሚገናኙበት ነጥብ ከሌንሱ ያለው ርቀት የትኩረት ርዝመት ይባላል። የካሜራው ብርሃን ተቀባይ (ሴንሰር) 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው፣ 4 ሜትር ግድግዳን ከዳር እስከ ዳር ለማንሳት የትኩረት ርዝመቱ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ሌንስ 5.6 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ከኋላችሁ ግን ሌላ ግድግዳ አለ! (አሸዋውም መቆሚያ ይነሳል።) በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ 2.7 ሜትር ይበቃል። እንዲህ ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ ሌንስ ዋይድ አንግል ይባላል። ካሜራውን ቀና ካደረጋችሁት ግን ግድግዳዎቹ ወደ ላይ እየተጠጋጉ ያዘመሙ ይመስላሉ።

ሞክሩ፦ ከመማሪያ ክፍላችሁ በር ላይ ቆማችሁ በስልክ ሁለት ፎቶ አንሱ፤ አንዱን ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሌላውን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጋችሁ። በሁለቱም ላይ የግድግዳዎቹን ማዕዘን በፕሮትራክተር ለኩ።