ደጋኑን የሚያስተምረው እግር ነው

ትምህርት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ደብተርና እርሳስ፣ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው። የስኮትላንድን ባህላዊ ቫዮሊን ለመማር ለጥቂት ቀኖች ወደሚደረግ የልምምድ ጉባኤ ብትገቡ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ በፊታችሁ የኖታ ወረቀት አይቀመጥም። መምህሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይጫወታል፤ ተማሪዎቹ በጆሮአቸው ተቀብለው ይመልሱለታል። ነገሩ በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ያሉትን እየተቀበሉ እንደ መድገም ነው።

መሣሪያው ያው አራት ክር ያለው፣ በፈረስ ጭራ ደጋን የሚመታው ቫዮሊን ነው። ልዩነቱ ያለው ከአመታቱ ላይ ነው። «ስትራዝስፔይ» የተባለው የዜማ ዓይነት ስሙን ያገኘው በሰሜን ስኮትላንድ ከሚገኘው ከስፔይ ወንዝ ሸለቆ ነው። በዚህ ዜማ ውስጥ ብዙ ጊዜ አጭሩ ድምፅ ይቀድምና ረጅሙ ይከተለዋል፤ ደጋኑም መንጠቅ ይላል። «ሪል» የሚባለው ደግሞ ፈጣንና የማያቋርጥ ነው። ይህን ሁሉ በቃል ማስረዳት ያስቸግራል። ስለዚህ መምህሩ «ቫዮሊኑን አስቀምጡ» ብሎ ያስነሣችሁና ጭፈራውን ያለማምዳችኋል። ጨፋሪው የት ላይ እንደሚነሣ፣ የት ላይ እንደሚያርፍ እግራችሁ ካወቀ በኋላ፣ እጃችሁ የሚፈጥንበትንና የሚዘገይበትን ራሱ ይለያል።

ይህም ዛሬ የተፈጠረ ብልሃት አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1727 እስከ 1807 የኖረው የኢንቨሩ ኒል ጋው ዝናን ያተረፈው በጭፈራ ቤትና በመኳንንት ግብዣ እየተጫወተ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጄምስ ስኮት ስኪነርም (1843–1927) ቫዮሊን መቺ ብቻ ሳይሆን የዳንስ መምህር ነበር።

ነገር ግን ከሽማግሌ ወደ ወጣት በጆሮ የሚተላለፍ ነገር፣ ወጣቱ ፊቱን ያዞረ ቀን ይቆማል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ ስኮትላንዳውያን ተሰደው በካናዳ በኬፕ ብሬተን ደሴት ሲሰፍሩ ቫዮሊናቸውንና የእግር ምት ጭፈራቸውን ይዘው ሄደው ነበር። በ1971 የካናዳ ቴሌቪዥን «የኬፕ ብሬተን ቫዮሊን መቺ እየጠፋ ነው» የሚል ፊልም አሳየ። ነገሩ የደሴቱን ሰዎች አስቆጣ፤ ቁጣቸውንም ወደ ሥራ ለወጡት። በ1973 በግሌንዴል በተደረገው በዓል ከ100 በላይ ቫዮሊን መቺዎች ባንድነት ተጫወቱ፤ ለወጣቶችም ትምህርት ተከፈተ።

በስኮትላንድም እንደዚሁ በ1981 የባራ ደሴት ሰዎች፣ ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ዜማ እንዳይረሱ ብለው «ፌሽ» የተባለ የሙዚቃና የጭፈራ ጉባኤ ጀመሩ። ዛሬ እንዲህ ያሉት ጉባኤዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። የሚያስደንቀው ግን፣ በስኮትላንድ ተዳክሞ የነበረውን የእግር ምት ጭፈራ እንደገና ካስተማሩት መካከል ከኬፕ ብሬተን የመጡ መምህራን መኖራቸው ነው። አደራ ተቀባይ አደራውን ለባለቤቱ መለሰ ማለት ነው።

እኛ የተማርን ሰዎች፣ የተጻፈ ነገር አይጠፋም ብለን እንተማመናለን። የኒል ጋው ዜማዎችም ታትመው በመጽሐፍ ነበሩ፤ አመታቱን ያዳነው ግን ከሽማግሌው ጎን የተቀመጠው ወጣት ነው። እንግዲህ ከሰፈራችሁ ወይም ካገር ቤት መሰንቆ የሚመቱ አባት ካሉ፣ በሚመጣው የዕረፍት ቀን ደብተራችሁን ቤት ትታችሁ ሄዳችሁ ከጎናቸው ተቀመጡ።