ሕፃን ልጅና ሥዕል ያለበት መጽሐፍ

እኛ ፊደል የቈጠርነው በስንደዶ እየተጠቈመልን ነው። የኔታ ያሉትን አጥርቶ መመለስ እንጂ መጠየቅ ለተማሪ ወግ አልነበረም። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ግን ሥርዐቱ ሌላ ነው፤ ጣቱን የሚቀስረው ሕፃኑ፥ መልስ የሚሰጠው አባቱ ነው። ማታ ከፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ተመልሰን የአምስት ዓመት ልጃችንን አጠገባችን ስናስቀምጥ፥ አንዱን ገጽ ሳንገልጥ ሩብ ሰዓት የምናልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ለቸኰለ ወላጅ ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል፤ የንባቡ ፍሬ ግን እዚያው ላይ ነው።

ችግሩ የመጽሐፉ ዐይነት ነው። ከፒያሳ የምንገዛው አብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ፥ በረዶ የለበሰውን ቤት አይቶ «አባዬ፥ ጨው ነው ወይ?» ይለናል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስም በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣት አሳስቧቸው፥ ማሞ የተባለውን የቂል ልጅ ተረት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም በአዋሳ መጻሕፍት የሞላ ጋሪ በአህያ እያስጐተቱ ለልጆች አዳረሱ።

በእኛ ቤት ግን ዋናው ጉዳይ የአያቱ ነገር ነበር። እማማ ፊደል አልተማሩም። ልጁም ከትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይዞ መምጣት ከጀመረ ወዲህ «እማማ አያውቁም» ማለትን ለመደ። እርሳቸውም ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው እኛን ከባድ ሐዘን ላይ ጣለን። አንድ ማታ መጽሐፉን እጃቸው ላይ አኖርነው። የአራዳ ጊዮርጊስን የግድግዳ ሥዕል ከልጅነታቸው ጀምሮ እየተሳለሙ ያነበቡ ሰው ናቸውና፥ በገጹ ላይ ያለችውን አህያ ጥቂት ተመለከቱና፥ «ይህች ጭነቷን ጥላ ጠፍታ ነው፤ ጌታዋ አሁን በወንዙ በኩል እየፈለጋት ነው» አሉ። ከጽሑፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል የለም። ልጁ ፊታችንን አየና «እንዲህ ይላል ወይ?» ሲል ጠየቀ። ሥዕሉ እንዲህ ይላል አልነው።

ከዚያ ወዲህ አንዱ መጽሐፍ ሁለት ሆነ፥ የአባዬና የእማማ። አብዝቶ የሚጠይቀው የእማማን ነው፤ ጥቂት አልቀናንም ብንል ውሸት ይሆናል።

የአዋሳውን የመጽሐፍ ጋሪ ነገር ነግረነው ነበርና፥ በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም በሚጠራው ድልድይ ስናልፍ ጭነት ያላትን አህያ ሁሉ እያስቆመ መጽሐፍ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ባለፈው ሰሞን አንድ አህያ ነጂ ሳይሥቅ፥ «የዛሬው ጤፍ ነው፤ ነገ ደግሞ መጥተህ ጠይቅ» አለው።