ጠባሳው (ክፍል 3)

«ድኗል እኮ» አለች እናት፣ የልጇን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ገልባ። «ሥር አጠጥቼዋለሁ፤ ጠበልም ተነክሯል። ጊች እያለን ውሻ ነከሰኝ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሮጥ ማን ነበር?»

በ2008 ዓ.ም. መንደራቸው ጊች ከስሜን ተራሮች ፓርክ ወጥቶ ደባርቅ ከሰፈረ ወዲህ እናት ነገሩን ሁሉ በጊች ነው የምትለካው። ልጇ ግን ጊችን ገና አልተወም፤ ትምህርት ሲዘጋ በቅሎ ጫኙን አጎቱን ተከትሎ ይወጣል። ባለፈው ክፍል ከዚያ ሲመለስ እያነከሰ ነበር። «የጎረቤት ውሻ ነው» ብሎ ዝም ካለ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው።

እህቱ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የገባችው ትናንት ማታ ነው። የሕክምና ተማሪ ናት። ባቱ ላይ ያሉት የጥርስ ቀዳዳዎች ገጥመው ቆዳው ሳስቶ ያበራል። ጣቷን አሳረፈችበት።

«ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ያሳክክሃል? ይነዝርሃል?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት እናቱን አየ። «ኧረ የለም፣ እታለም።»

እህት ሳትናገር ተነሳች። የሚያስፈራት ቁስሉ አልነበረም፤ ጸጥታው ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከነርቭ እንጀምር። የነርቭ ሕዋስ ብቻውን አይኖርም። ከጎረቤቶቹ «ኑር» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ካልደረሰው ራሱን በሥርዓት አፍርሶ ይሞታል። ማንኛችንም በእናታችን ማሕፀን ሳለን ከበቀሉልን የነርቭ ሕዋሳት ብዙዎቹ የሞቱት በዚሁ መንገድ ነው። ይህን መልእክት ያገኘችው ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ናት። ይሁዲ በመሆኗ የሙሶሊኒ የዘር ሕግ ከሥራዋ አባሯት፣ ቱሪን ውስጥ መኝታ ቤቷን ቤተ ሙከራ አድርጋ የጫጩት ጽንስ ትቆርጥ ነበር። ደባርቅ አፍንጫ ሥር ባለችው ወልቅፊት የመሸገው የሙሶሊኒ ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነውና፣ አንዱ ጣሊያን እዚህ ገደል ላይ ሲተኩስ ሌላዋ እዚያ እንቁላል ትሰብር ነበር ማለት ነው። ለግኝቷ የኖቤል ሽልማት እስኪደርሳት እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ቆየች።

አሁን ወደ ልጁ ባት እንመለስ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በምራቅ ገብቶ ጡንቻውን የሚያዘውን ነርቭ ይይዛል። ከሚጠቀምባቸው በሮች አንዱ ፒ-75 የሚባለው ነው፤ የሪታ መልእክት የሚያርፍበት፣ እንደ ሁኔታውም «ኑር» ወይም «ሙት» የሚያስተላልፍ ተቀባይ ነው። ከዚያ በነርቩ ክር ውስጥ ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ያቀናል፣ በቀን ቢበዛ ጥቂት ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ የተነከሰው ቦታ ከአንጎል በራቀ ቁጥር ጊዜ ይገኛል፤ ባብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ወር።

እህት ክፍል ውስጥ ስትሰማው ያልተኛችለት ነገር ግን ሌላ ነው። በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ ራሱን መግደል ይችላል፤ እሱ ሲሞት ቫይረሱም አብሮት ይቀራል። ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሞኒክ ላፎንና ባልደረቦቿ ሁለት ዓይነት የዚህ ቫይረስ ዝርያ አነጻጽረው ነበር። የደከመው ዝርያ የያዘው የነርቭ ሕዋስ ሞተ፤ ገዳዩ ዝርያ የያዘው ግን ኖረ። የገዳዩ የላይ ፕሮቲን ጅራት ማስት-2 የሚባለውን የሕዋሱን ፕሮቲን ይጨብጣል። ማስት-2 ሌላ ጊዜ ፒቴን ከሚባለው ጋር ተጣምሮ የ«ኑር»ን መልእክት ልጓም ይይዛል። ጥምረቱ ሲፈርስ ልጓሙ ይላላል፣ ሕዋሱም በሕይወት ይቆያል። በቅሎ የሰረቀ ሰው ጭነቱ ካሰበበት እስኪደርስ በቅሎዋን አይገድላትም።

በዚህ በሽታ የሞተ ሰው አንጎል ሲመረመር የሞቱት ሕዋሳት ከበሽታው ጭካኔ ጋር የማይመጣጠን ጥቂት የሚሆኑትም ለዚህ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚተርፍ የለም ቢባል ይቀላል። ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ይቀድመዋል፣ ሁለት ሳምንት ዘግይቶም ቢሆን።

«እማ፣ ነገ ጠዋት ክትባት እናስጀምረዋለን። ካልተገኘ በመጀመሪያው መኪና ጎንደር» አለች።

«ውሻው ደኅና ከሆነስ? የጎረቤት አይደል?»

«ደኅና ከሆነማ እሰየው። ከነከሰው በኋላ አሥር ቀን በጤና ከቆየ ያን ዕለት ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። አሁኑኑ ሄጄ አየዋለሁ። የማን ውሻ ነው?»

ልጁ አመድ ይጭራል።

«አንተን እኮ ነው። የማን ውሻ ነው?»

«ውሻ አይደለም።»

እናት ያነሳችውን ጀበና መልሳ አስቀመጠች።

«ቀይ ቀበሮ ነው» አለ ልጁ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንባውም አብሮ መጣ። «ጊች፣ ጓሳው ውስጥ። ሰው አይፈራም ነበር፣ ዝም ብሎ መጣብን። በዱላ መታሁት። ሞተ። አጎቴ ‹ቀይ ቀበሮ ገደሉ ከተባለ ፓርክ ድርሽ አልልም፣ አንተም ትታሰራለህ፣ ውሻ ነው በል› አለኝ። ድንጋይ ከመርንበት።»

እህት ክፉኛ ደነገጠች። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ የስሜኑ ደግሞ መቶ እንኳ አይሞላም። የሞተው ታሞ ከነበረ መንጋው ሁሉ ማለት ነው። የቀበሮውን አንጎል ካላስመረመሩ ደግሞ የሚታወቅ ነገር የለም። ግን ልጁ ያለው አንድ ቃል ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ጆሮዋ ላይ ቀረ።

«‹መጣብን› አልክ። አጎቴንም ነክሶታል?»

ራሱን ነቀነቀ።

«የት ላይ? እግሩን?»

ልጁ በአመድ የተበከለ ጣቱን አንስቶ ከዓይኑ ሥር ጉንጩ ላይ አኖረ።

እህት ስልኳን ጎትታ ደወለች። አጎት ቱሪስቶች ይዞ ወደ ራስ ዳሽን ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም፣ አለች ሴትየዋ።

(ይቀጥላል)