አንድ ቀለም፣ ሁለት ብርሃን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ በማስተምርበት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር የሃይላንድ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። በውስጣቸው ከላህ ወንዝ ዳር የተዛቀ ጥቁር ጭቃ፣ የተቀዳደደ ጋዜጣ፣ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊትና ከግንባታ ዕቃ ሱቅ የተገዛ ጀሶ አለ፤ ከላይ የወንዙ ውሃ። ዘዴው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ነው። ጋዜጣው ሲበሰብስ ኦክስጅኑ ያልቃል። ያኔ የጀሶውን ሰልፌት በኦክስጅን ፋንታ የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ሥራ ይጀምሩና ጠርሙሱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሳምንታት ሲያልፉ ብርሃን በሚያገኘው ጎን ከታች አረንጓዴ፣ ከፍ ብሎ ሐምራዊ ንጣፍ ይወጣል።

«ቲቸር፣ ቀለም ጨምረውበት ነው አይደል?» ከሊበን ገጠር የመጡትም የከተማዎቹም ተማሪዎች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። አልፈርድባቸውም። ብርሃን አስተጻምሮ ብለን ያስተማርናቸው ቅጠል፣ አረንጓዴነትና ኦክስጅን ነው። እዚህ ቅጠል የለም፣ ኦክስጅንም አይወጣም። ሐምራዊው ባክቴሪያ በውሃ ፋንታ ያንን የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይጠቀምና ድኝ ያስቀራል። የሚያገኘውም ብርሃን ሌላው ወስዶ የተረፈውን ነው። የዕፀዋትና የአልጌ ክሎሮፊል እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ይወስዳል፤ ሐምራዊው ከዚያ ወዲያ፣ ዓይናችን የማያየውን ታሕተ ቀይ ጨረር ያጠምዳል። ሐምራዊነቱ ራሱ ግን ከታሕተ ቀዩ ጋር ግንኙነት የለውም። እሱ በአብዛኛው የካሮቲኖይድ ሥራ ነው፤ ካሮቲኖይዱ ሰማያዊና አረንጓዴውን ይወስዳል፣ የቀረው ወደ ዓይናችን ይመጣል።

አጠማመዱን ለማስረዳት ጣሪያችንን እጠቁማለሁ። በርሚል ሜዳ ላይ ብታስቀምጥ በአፉ ልክ የሚወርድበትን ዝናብ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከቆርቆሮው ሥር በአሸንዳ ስታገናኘው ግን ቶሎ ይሞላል። አንድ የቀለም ሞለኪውል በጠራራ ፀሐይ እንኳ በሰከንድ የሚደርሰው የብርሃን ቅንጣት ጥቂት ነው፣ ጭቃ ውስጥ ደግሞ እጅግ ያነሰ። ስለዚህ አብዛኛው ቀለም ኬሚስትሪ አይሠራም፤ ይሰበስባል፣ ያቀብላል። ኬሚስትሪው የሚሠራው በርሚሉ ጋ፣ የአጸግብሮት ማዕከል በምንለው ቦታ ነው። የዚያን ማዕከል ቅርጽ ያወጡት ዳይዘንሆፈር፣ ሁበርና ሚሼል በ1988 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። የጣሪያው ቅርጽ የታወቀው ግን ዘግይቶ፣ በ1995 ነው፤ የግላስጎዎቹ ሪቻርድ ኮግደልና ኒል አይዛክስ ከባልደረቦቻቸው ጋር አወጡት።

እኔን የሚይዘኝ ይኸኛው ነው። ኤልኤች2 ይባላል። ዘጠኝ ጥንድ ፕሮቲኖች ቀለበት ሠርተው 27 የባክቴሪያ ክሎሮፊል አቅፈዋል። ዘጠኙ ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ 18ቱ እየተደራረቡ ተጠጋግተዋል። ሃያ ሰባቱም አንድ ዓይነት ሞለኪውል ናቸው፤ በአልኮል አሟሙተህ ብትለካቸው ሁሉም ወደ 770 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ይወስዳሉ። በፕሮቲኑ እቅፍ ውስጥ ግን ዘጠኙ 800ን፣ 18ቱ 850ን ይወስዳሉ። ከ800ዎቹ ወደ 850ዎቹ ጉልበቱ የሚያልፈው በሰከንድ ትሪሊዮንኛ ገደማ ነው፤ ከዚያ ማዕከሉን ወደከበበው፣ 875 አካባቢ ወደሚወስደው ቀለበት ይወርዳል። ብርሃን በጠፋበት አካባቢ ደግሞ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ቀለሙን ሳይነኩ ፕሮቲኑ ላይ ጥቂት አሚኖ አሲዶች የተለወጡበት ሌላ ቀለበት ይሠራሉ፤ 850 የነበረው 820 ይሆናል።

የፈተና ወረቀት ላይ «ይህን ብርሃን የሚወስደው የትኛው ቀለም ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይ ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው። ፕሮቲኑን እንደ ጆንያ ቆጥረን ቀለሙን ብቻ እንጠይቃለን። ቀለሙን ቀለም ያሰኘው አቀማመጡ ነው፤ አቀማመጡ የፕሮቲኑ ነው።

አንድ የባለሙያ ነገር ልጨምር፤ ሊሞክሩት ለሚፈልጉ መምህራን። ክረምት ላይ፣ ሰማዩ ሲዳምን፣ ጠርሙሱን አምፖል ሥር ማድረግ ይቻላል፤ አምፖሉ ግን ክር ያለው፣ የሚያቃጥለው የድሮው ይሁን። ነጩ ኤልኢዲ ለእኛ ዓይን ደማቅ ነው፤ ታሕተ ቀዩ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሐምራዊው በካሮቲኖይዱ ትንሽ ቢንፏቀቅም ዋናው ምግቡ ይጎድልበታል። ክዳኑንም አታጥብቁት፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል።

ወደ ፕሮቲኑ ልመለስ፤ ሥራውን ለተማሪዎች ለማሳየት ችግሩ 800ና 850ን ያለ መሣሪያ ማሳየት አለመቻሉ ነው። እዚህ ላይ ቢሾፍቱ ትረዳኛለች። አረንጓዴ ሐይቅ ሆራ ሃዶ ስሙን ያገኘው ከስፒሩሊና ነው፤ ተማሪዎች አልጌ ይሉታል እንጂ ባክቴሪያ ነው። ጃክ ታሊንግና ባልደረቦቹ በ1973 ባሳተሙት ጥናት ውሃው በእሱ ከመወፈሩ የተነሳ ለብርሃን አስተጻምሮ የሚበቃ ብርሃን አንድ ሜትር እንኳ እንደማይዘልቅ አሳይተዋል። እንዲህ ባለ መጨናነቅ ስፒሩሊና ክሎሮፊል በደንብ የማይወስደውን፣ 620 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርቱካናማ ብርሃን በፊኮሳያኒን ይሰበስባል። ፊኮሳያኒንም ቀለምና ፕሮቲን የተጣመረበት ነው።

ስፒሩሊና ዱቄት በምግብ ማሟያነት ይሸጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈን ስናጠልለው የሚያምር ሰማያዊ ይወጣል። ግማሹን በሙከራ ቱቦ እናፈላለን፤ ሰማያዊው ይደበዝዛል። ቀለሙ የትም አልሄደም፣ ከፕሮቲኑ ጋር በኬሚካል እንደተሳሰረ ነው። ሙቀቱ የፈታው ፕሮቲኑን ነው፤ ዘርግቶ ይዞት የነበረው እጅ ሲላላ ቀለሙ ይታጠፍና ብርቱካናማውን መያዝ ያቅተዋል። ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ «ምን ጠፋ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ቀለሙ» የሚሉት ይበዛሉ፤ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል።