ተጨማሪ መረጃ፦ ማሾው ሳይሆን ድርሻው

ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ የማሾ ነጋዴ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሞ ሞተ እንበል። ልጆቹ መጋዘኑን ከፍተው ሲሶውን ማሾ በጆንያ አስጭነው መሄድ አይችሉም። መጋዘኑም ሚዛኑም የማኅበሩ ነው፤ የሚወረሰው በአባላት መዝገብ ላይ የሰፈረው የአባታቸው ድርሻ ነው። እሱም ቢሆን በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ ቀድሞውንም የእናታቸው ነው፤ ለውርስ የሚቀርበው ቀሪው ግማሽ ብቻ ነው። (ከአርባው በኋላ የሚነሳው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።)

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጅን እኩል ያወርሳል። ሸዋ ሮቢት ባለችበትና ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት በይፋት ቆላ ግን ሟቹ ሙስሊም ከነበረና ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ጉዳዩን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል፤ በዚያ የወንድ ልጅ ድርሻ የሴቷ እጥፍ ነው።

ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃቸውን ካወጡ በኋላ ማየት ያለባቸው የማኅበሩን መመሥረቻ ጽሑፍ ነው። ብዙ ነጋዴ ይህን ወረቀት ከፈረመ በኋላ ዳግም አያነበውም፤ ስለ ወራሽ የተጻፈ ገደብ ካለ ግን የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።