ያልተመዘገበው ጎል

(ድምፅ፦ የጆይስቲክ ቁልፎች ጠቅታ፤ ከቴሌቪዥን የሚሰማ የስታዲየም ጩኸት። ቀስ በቀስ ይቀንሳል።)

ተራኪ፦ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ፕሌይስቴሽን ቤት ጆይስቲክ የሚጨብጥ ታዳጊ የኧርሊንግ ሃላንድን ፍጥነት፣ የምቱን ኃይልና ቁመቱን በቁጥር ይነግራችኋል። አባቱ በወጣትነቱ ያጨበጨበለት የከተማው አጥቂ ስንት ጎል እንዳገባ፣ በየትኛው እግሩ እንደሚመታ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም፤ የሚያነበው ነገርም አላገኘም። ይህን ያዩ ብዙዎች ጥፋቱን በጌሙ ላይ ይጥላሉ፤ ልጆቻችንን ከሜዳውም ከትዝታችንም ነጠቀብን ይላሉ። እኛ የምንሟገተው ጥፋቱ የመዝገብ እጦት ነው ብለን ነው። ጌም የሚሠራው ከተመዘገበ ነገር ነው፤ ትዝታም ዕድሜ የሚያገኘው ሲመዘገብ ነው። ሁለቱ የተጣሉ የሚመስሉት ለልጁ ከወሬ በቀር ያስረከብነው ስለሌለ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን እኛ ዘንድ ብዙም የማይዘወተረው የአሜሪካኖች ቤዝቦል ነው። የቤዝቦል ወዳጅ ስለ ድሮ ተጫዋች ሲያወራ ቁጥር ይጠቅሳል፤ ጨዋታዎቹ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰንጠረዥ ተዘጋጅተው በጋዜጣ ሲወጡ ኖረዋልና። በቆዳ ቀለማቸው ከትልቁ ሊግ ተከልክለው በራሳቸው ሊጎች የተጫወቱት ጥቁሮች መዝገብ ግን ተበታትኖ ቀርቶ ነበር። ተመራማሪዎች የቆዩ ጋዜጦችን እያገላበጡ ለዓመታት ለቀሙት። እ.ኤ.አ. በ2023 ሳቼል ፔጅን የመሳሰሉ የእነዚያ ሊጎች ኮከቦች ታሪካቸው እየተተረከ በአንድ ታዋቂ የቤዝቦል ጌም ውስጥ ገቡ። በ2024 ደግሞ ዋናው ሊግ ቁጥሮቻቸውን በይፋ ከራሱ መዝገብ ጋር ቀላቀለ፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው፣ በ1947 የሞተው ጆሽ ጊብሰን በ0.372 የምት አማካይ እስከዚያ አንደኛ የነበረውን ታይ ኮብን በልጦ የምንጊዜም አንደኛ ሆነ። ከሞተ ከ77 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

መመዝገብ ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ካለ ቡታጅራን ይመልከት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 በጀመረው የገጠር ጤና ፕሮግራም፣ በአካባቢው አሥር ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየተዞረ ልደትና ሞት ለአሥርት ዓመታት ሲመዘገብ ኖሯል። ከዚያ መዝገብ የወጡ ጥናቶች በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ታትመዋል። በዚያው ምድር የተገባው ጎል ግን እዚያው ሜዳው ላይ ቀርቷል።

የወልቂጤ ነገር ይበልጥ ያስቆጫል። ሠራተኞቹ በመባል የሚታወቁት ወልቂጤ ከተማዎች በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ተሰለፉ፤ ያ ውድድር በኮሮና ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ መካሄድ ያዙ፤ ደጋፊውም ቡድኑን በሌላ ከተማ ሜዳ፣ በቴሌቪዥን ማየት ግድ ሆነበት። በ2005 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ለዋልያዎቹ የተሰለፈው ጌታነህ ከበደ የወልቂጤን ማሊያ ሲለብስ እንኳ፣ የከተማው ልጅ እሱንም ሃላንድንም ያወቃቸው በስክሪን ነው። ልዩነቱ ሃላንድን በጆይስቲክ ማንቀሳቀስ መቻሉ ላይ ነው።

የድሮ ተጫዋች በወሬ ይገዝፋል፤ መዝግቡ የምትሉት ማጋነንን ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት አለው፤ መልሱም እዚያው ውስጥ ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ጎሎቹን ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ እንዳገቡ ማንም አይከራከርም፤ ተጽፏልና። ክርክሩ መንግሥቱ ዛሬ ቢሆን የት ይጫወት ነበር ወደሚለው ጣፋጭ ጥያቄ ይሻገራል። ጌም ትምህርት ያስፈታል የሚለው ስጋትም ተገቢ ነው፤ ሰዓቱን መገደብ የወላጅና የፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት ኃላፊነት ነው።

ከበድ የሚለው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ የጌም ኩባንያዎች የእኛን ሊግ አያስገቡም። እስካሁን አላስገቡትም፤ የሚያስገቡት ፈቃዱን የገዙትንና ገበያ ያለውን ነው። ነገር ግን የጃፓኑ ኮናሚ ይሠራው የነበረው ፔስ የተባለው የእግር ኳስ ጌም ተጫዋቹ ራሱ ቡድን እንዲያዘጋጅ፣ ስም እንዲቀይር፣ የማሊያ ቀለም እንዲመርጥ ለረጅም ዓመታት ይፈቅድ ነበር። ወልቂጤን ወይም ቡታጅራን በዚህ መንገድ ለማስገባት የሚያስፈልገው ስም፣ ቁጥር፣ ቁመት፣ የሚሰለፍበት ቦታና የሚመታበት እግር ነው። ልጆቹ ችሎታው አላቸው፤ የጎደላቸው መረጃው ነው።

መረጃው ያለው በሰዎች እጅ ነው። መስቀልና አረፋ ሲደርስ የጉራጌ ልጆች ከአዲስ አበባም ከሌላውም አገር ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ የቀድሞ ተጫዋቾችና ደጋፊዎችም አብረው ይመጣሉ። አድማጮቻችን፣ የቆየ የቡድን ፎቶ ወይም የውድድር ወረቀት ካላችሁ በመጪው በዓል ይዛችሁት ኑ። የተጫዋቾቹን ስም፣ ዓመቱንና የጨዋታውን ውጤት ከጀርባው ጻፉበት፤ ኮፒውንም ለከተማችሁ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ወይም ለወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።