እውነት ወይስ ተረት? ስለ ካይዘን፣ ስለ አለቃና ስለ ተቆለፈው ሣጥን

ሰበታ መንገድ ዳር ካለ አንድ ፋብሪካ በር ላይ፣ ከጥበቃው ቤት ጎን፣ «የሐሳብ መስጫ» የተጻፈበት የቆርቆሮ ሣጥን ተሰቅሎ አየሁ። ቁልፉ ዝጎ ከማጠፊያው ጋር ተጣብቋል።

«አባባ፣ ይሄን ማነው የሚከፍተው?» አልኳቸው ጥበቃውን።

«ቁልፉ የአስተዳደር ኃላፊው ጋ ነበር ልጄ። እሳቸው ከለቀቁ ስንት ጊዜያቸው!»

ሣጥኑን ነቅነቅ አደረግሁት። ባዶ አይደለም፤ ወረቀት ይንሿሿል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ የሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች ናቸው። ፋብሪካው፣ ወርክሾፑና መጋዘኑ የበዛባቸው፣ የማለዳው ሰርቪስ ሠራተኛ ጭኖ ከአዲስ አበባ የሚወጣባቸው ከተሞች። በነዚህ ግቢዎች ስለ ለውጥ፣ ስለ ፈጠራና ስለ ዘመናዊ አመራር የሚወራው ወሬ ተመሳሳይ ነው። ጥቂቱ እውነት አለው፤ የቀረው ተረት ነው።

ተረት፦ «ፈጠራ ማለት አዲስ ነገር ማምጣት ነው።»

ሱሉልታ የታሸገ ውሃ አገር ናት። ውሃ ጠጪ ሁሉ የሚያስታውሳት አንዲት ነገር ነበረች፤ ክዳኑ ላይ ተጠቅልላ የምትመጣ ስስ ላስቲክ። በጥፍር አልላጥ ስትል በጥርስ እንነክሳታለን፤ ከዚያ መንገድ ላይ እንጥላታለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገራችን ውሃ አምራቾች ተስማምተው አስቀሯት። ውሃ ጠጪው አልተጎዳም። ክዳኑ ሲከፈት ጠርሙሱ አንገት ላይ ተበጥሳ የምትቀር ቀለበት አለችው፤ ውሃው ተከፍቶ እንደሆነና እንዳልሆነ የምትናገረው እሷው ናት። ላስቲኳ ግን በውጭ ምንዛሪ ትገዛ፣ በሙቀት ትጣበቅ፣ ከዚያ ቆሻሻ ትሆን ነበር።

በእኔ ግምት ከዚህ የተሻለ ፈጠራ በአካባቢው አልታየም። አዲስ ማሽን አልመጣም፤ እንዲያውም አንድ ሥራ ቀረ። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ፈረቃውን ሙሉ ላስቲክ ሲያለብስ የሚውለው ሠራተኛ ላስቲኳ ትርፍ መሆኗ ሳይታየው ቀርቶ ነው? ወይስ የሚጠይቀው ሰው አላገኘም?

ተረት፦ «ካይዘን ጽዳት ነው።»

ይህኛው ተረት ሥር የሰደደ ነው፤ ምክንያትም አለው። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተካሄደ አንድ ስብሰባ ላይ ጃፓኖች ቱኒዚያ ውስጥ ካይዘን በተባለው የሥራ ማሻሻያ ስልታቸው ስለ ሠሩት ሥራ ገለጻ ቀረበ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ወደዱት፤ ለኢትዮጵያም ይደረግ ብለው ጠየቁ። በ2002 ዓ.ም. በጃፓን የልማት ተራድዖ ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ ሙከራው ሲጀመር 30 ፋብሪካዎች ተመረጡ። የተፈለጉትም ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ክልል ውስጥ ነው፤ ማለትም እነዚህ ከተሞች ከመነሻው የሙከራው ሰፈር ውስጥ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

ከዚያ ወዲህ ፋብሪካ የገባ ሁሉ አምስቱን «ማ»ዎች ግድግዳ ላይ ሳያነብ አይወጣም፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በመጥረጊያ፣ በቀለምና በመደርደሪያ ያልቃሉ፤ እንግዳ ሲመጣም ይታያሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፎቶ አይነሱም። ብዙ ቦታ ሥራው ሦስተኛው ላይ ይቆምና ይመረቃል።

አንድ የጥገና ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ የመፍቻ ማንጠልጠያ ሰሌዳ ተሰርቷል። ከየምስማሩ ሥር የመፍቻው ቅርጽ በቀይ ቀለም ተስሏል፤ አሥራ አራቱ፣ አሥራ ሰባቱ፣ አሥራ ዘጠኙ። መፍቻዎቹ ግን የሉም። መካኒኩ ሦስቱንም ከኪሱ አወጣ። «እዚያ ከሰቀልኳቸው ነገ አላገኛቸውም» አለኝ። ሰሌዳው ያማረ ነው፤ ማን ወሰደ፣ መቼ ይመልሳል፣ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል የሚለውን ግን ማንም አልተነጋገረበትም። ካይዘን የሚባለው ያ ንግግር ነው። ቀለሙ ለማስታወሻ ነው።

ተረት፦ «ለውጥ ሲሉህ ሰው ሊቀንሱ ነው።»

እዚህ ላይ ፈሪውን አልሰድብም። የቢፒአርን (የመሠረታዊ አሠራር ሂደት ለውጥን) ዘመን ያየ፣ «ድልድል» ተብሎ ስሙን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲፈልግ ያረፈደ ሰው፣ ቀጥሎ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት ምዘና)፣ ቀጥሎ ካይዘን ሲሉት ጆሮውን ቢያቆም አይፈረድበትም። ቢፒአርና ካይዘን ግን አንድ አይደሉም። ቢፒአር አሜሪካ ውስጥ የተወለደ፣ አሠራሩን አፍርሶ ከሥር መጀመር የሚል ነው። ካይዘን ያለውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማሻሻል ነው። ጃፓኖች በ1955 እ.ኤ.አ. የምርታማነት ማዕከላቸውን ሲያቋቁሙ ሦስት ነገር ተስማምተው ነበር፦ ሥራው እንዲሻሻል ተብሎ ሰው አይባረርም፤ አሠሪና ሠራተኛ ይመካከራሉ፤ የተገኘው ትርፍ ለባለሀብቱ፣ ለሠራተኛውና ለገዢው በአግባቡ ይከፈላል።

እኛ ስልቱን ስናመጣ ውሉን እዚያው ትተነው መጣን ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። የገዛ ሥራውን የሚያስቀር ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው ነገ ወዴት እንደሚዛወር ዛሬ ካልተነገረው ዝም ማለቱ ብልህነት ነው።

ተረት፦ «ገንዘብና የውጭ ባለቤት ከመጣ ድርጅቱ ይለወጣል።»

ሜታ አቦን ያየ እንዲህ አይልም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተውን የሰበታ ቢራ ፋብሪካ የእንግሊዙ ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. ከመንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የጊነስ ባለቤት ነው፤ ገንዘብም፣ ስምም፣ ባለሙያም አላነሰውም። ማልታ ጊነስ መጣ፤ ዘመን ቢራ መጣ፤ አዝመራ መጣ። ከ10 ዓመት በኋላ ዲያጆ ፋብሪካውን የፈረንሳዩ ካስቴል ለያዘው ቢጂአይ ሸጦ ወጣ። የቢራ ገበያው ፉክክር፣ የውጭ ምንዛሪው እጥረት፣ ሁሉም የየድርሻውን ይወስዳል፤ አንድ ምክንያት አልለጥፍበትም። ገንዘብ ብቻውን ይበቃል የሚለው ግን እዚያ ወድቋል።

ተረት፦ «ፈጠራ ተሰጥኦ ነው፤ ሐሳቡን መምረጥ ደግሞ የአለቃ ነው።»

ቡራዩ ወጣት ባለተሰጥኦዎች የሚሰበሰቡበት ኢንስቲትዩት አላት፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን ተሰጥኦ ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ይመስል የራሳቸውን ሠራተኛ የማያዩ አለቆች አሉ።

አንድ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ከማሸጊያው ጫፍ የሚወርደው እሽግ ካርቶኑን እየሳተ መሬት ይወድቅ ነበር። የወደቀ ይሰበራል፤ የተሰበረ ለመኖ ይሸጣል። ማሸጊያው ጋ የምትቆመው ልጅ ያረጀ ካርቶን ቀድዳ፣ አጥፋ፣ በፕላስተር ማሽኑ ላይ እንደ መንሸራተቻ ለጠፈችው። እሽጉ መውደቅ አቆመ። በሳምንቱ ጎብኚ ሊመጣ ሲል ሱፐርቫይዘሩ «ይሄ ምን የሚሉት ቆሻሻ ነው?» ብሎ ገነጠለው። ጎብኚዎቹ ሲሄዱ መልሳ ለጠፈችው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆኗል። ከቆርቆሮ ይሠራልን ብላ አልጠየቀችም ወይ? ጠይቃለች። የግዢ ጥያቄው አራት ፊርማ ይፈልጋል፤ አራተኛው ፈራሚ አዲስ አበባ ነው።

የቶዮታ ሠራተኞች የሐሳብ አሰጣጥ ዝና ዓለምን የሞላ ነው፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ሲጀምሩት ግን የቀዱት ዓመት ቀደም ብለው ከጎበኙት ከአሜሪካው ፎርድ ነው። ስለዚህ «የጃፓን ባህል ነው፤ ለእኛ አይሆንም» የሚለውም አብሮ ይውደቅ። የሰው ሐሳብ መሰብሰብን ጃፓኖችም የተማሩት ነው። ለተጻፈ ሁሉ መልስ ካልመጣ ግን ሁለተኛ የሚጽፍ አይገኝም፤ መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም ምክንያቱ ይነገር እንጂ ያ አያስቀይምም። ዘመናዊ አመራር ለሚባለው ነገር የእኔ መለኪያ ትንሽ ናት፦ የፈረቃ ኃላፊው የማንንም ፊርማ ሳይጠብቅ ስንት ብር ያወጣል? ዜሮ ከሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ የፈለገውን ሥልጠና ወስዶ ይምጣ፣ ያ መንሸራተቻ ከካርቶን አያልፍም።

ቡራዩ ውስጥ ያየሁት የብረታ ብረት ወርክሾፕ ሠራተኛው ሃያ አይሞላም። ሣጥን የለውም። በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በኖራ ሦስት ዓምድ ተሰምሯል፦ ስም፣ ሐሳብ፣ መልስ። አንደኛው ረድፍ ላይ የመቁረጫው ድንጋይ ፍጥነት ይጨመር የሚል አለ፤ መልሱ በባለቤቱ እጅ፣ «አይቻልም፣ ሞተሩ ይቃጠላል»። ከሥሩ በዚያው ልጅ እጅ ጽሑፍ፣ «እሺ፣ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ይዙር፣ ጥላ እየሆነብን መስመሩን እንስታለን»።

የመልሱ ቦታ ላይ ምንም አልተጻፈም። ጠረጴዛው ግን መስኮቱ ሥር ነው።